በጀማል ጆግ ስቀና

ባለፈው ማክሰኞ የልጅነት ጓደኛዬን ጀማልን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ካደረገ አራተኛ ቀኑ ነው። ነርሷ ጠዋት የሽንት ቱቦውን አውጥታ፣ «አባባ፣ እስከ ምሳ ሰዓት በራስዎ ካልሸኑ ቱቦው ይመለሳል» ብላዋለች። ሦስት ወንዶች ልጆቹ አልጋውን ከበው ፖፖውን ያያሉ። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ፖፖው ደረቅ ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ ከማዘኔ በፊት ደስ አለኝ። ዕድሜ ልኬን በዚህ ነገር የቀናሁበት ሰው ነበር።

በወጣትነቴ ሰው ባለበት መሽናት አልችልም ነበር። ሕመሙ ስም እንዳለው የሰማሁት ከሸበትኩ በኋላ ነው፤ ያኔ የኔ ብቻ ጉድ ይመስለኝ ነበር። ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ጎርፍ ካልመጣ ደረቅ በሆነው በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ እንጫወታለን። ጨዋታው ሲያልቅ ልጆቹ ድልድዩ ሥር ካለው ግንብ ፊት ይደረደራሉ፤ እኔም መሀላቸው እቆማለሁ። ፊኛዬ ሊፈነዳ ደርሶ አንዲት ጠብታ አትወርድም። የውሸት ሳል ስዬ፣ ቀበቶዬን አጥብቄ እመለሳለሁ። አንድ ቀን አንዱ ነቃብኝና «ይሄማ እንደ ደቻቱ ደርቋል» አለ። ከዚያ ወዲያ ስሜ ደቻቱ ሆኖ ቀረ።

ጀማል ግን አይደረደርም። የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው፤ ቢጫ የፕላስቲክ ጆጉን ውሃ ሞልቶ ከግራሩ ጀርባ ይሄዳል፣ ቁጢጥ ይላል፣ ታጥቦ ይመለሳል። የሃይማኖቱ ሥርዓት ነውና ማንም አይስቅበትም። በኳስ ችሎታው አልቀናሁበትም፤ ሶማሊኛውን ከኦሮምኛው እያቀላቀለ ሴቶቹን ማሳቁም እምብዛም አልከነከነኝም። በዚያ ጆግ ግን አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ። እኔ ብሸሸግ ምን ሆኖ ነው እባላለሁ፤ እሱ ሲሸሸግ ጨዋ ይባላል።

ሃያ ዓመት ሲሞላን ጅቡቲ በሚመላለሱ የጭነት መኪናዎች ላይ በረዳትነት ልንቀጠር ሆነ። የቀረን የጤና ምርመራ ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ለሽንት ትንንሽ ብልቃጥ ሰጡን። ሽንት ቤቱ መዝጊያ የለውም፤ ተራ ጠባቂዎቹ ደጁ ላይ ቆመው ይሳሳቃሉ። ጀማል ገብቶ ወዲያው ሞልቶ ወጣ። እኔ ገባሁ፤ የወረደው ላቤ ብቻ ነው። መርማሪው ባዶውን ብልቃጥ አይቶ «ነገ ጠዋት ካላመጣህ በቦታህ ሌላ ሰው ይገባል» አለኝ።

ውጪ ስንወጣ ጀማል ክንዴን ያዘኝ። «ወሪያ፣ ከኔ ውሰድ። ተርፎኛል።»

እኔ ጠብታ አጥቼ ስንገበገብ እሱ ለሰው የሚተርፍ ሽንት አለው። «በአንተ ሽንት ሥራ አልገባም» ብዬ እጄን መነጨቅኩት።

አልተቀየመኝም። ከመጋላ ገበያ ሁለት ትልልቅ ሐብሐብ ገዛና ወደ ጀልዴሳ በምትሄድ ፒክአፕ ላይ አሳፈረኝ። የበጋ መንገድ ነው፤ አቧራው ጥርሳችን ውስጥ ይንቀጫቀጫል። እዚያ የአጎቱ ማሳ ዳር ተቀምጠን፣ ጭማቂው በክርናችን እስኪወርድ ሐብሐቡን በላን። ከዚያ ጆጉን ሰጠኝ።

«ቁጢጥ በልና ውሃውን እጅህ ላይ ቀስ እያልክ አፍስስ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼህ እቆማለሁ።»

«ዞር እንዳትል።»

«ወላሂ አልዞርም።»

በጣም ስለራቀ ሸሚዙ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ከብዙ ቆይታ በኋላ መጣልኝ። በሁለተኛው ትንሽ ቀረበ፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። በየመሀሉ «ብቻህን እንዳታፍር» እያለ እሱም ተራውን ቁጢጥ ሲል እኔ ጀርባዬን እሰጠው ነበር። ፍየሎቹ ወደ ቤት ሲነዱ ከኋላዬ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ስለ ኳስ ያወራኝ ጀመር።

በማግስቱ መዝጊያ በሌለው በር ላይ ጀርባውን አዙሮ መዝጊያ ሆነኝ። ጊዜ ወሰደብኝ፣ ግን ብልቃጡ ሞላ። ሥራውን አገኘን። ችግሩ በአንድ ቀን ለቀቀኝ አልልም፤ ጅቡቲ መንገድ ላይ ስንት ቦታ አሳፍሮኛል። ከዓመት ዓመት እየቀለለ ሄዶ ተወኝ። ቅናቱ ግን አልተወኝም። የዳንኩት በእሱ ደግነት መሆኑ ጭራሽ አባሰው።

ማክሰኞ ዕለት ልጆቹን «እስቲ ውጡልን» ብዬ አስወጣሁ። ጆግ ፈልጌ ውሃ ሞላሁና ሰጠሁት፤ በሩ ላይ ጀርባዬን አዙሬ ቆምኩ።

«ዞር እንዳትል» አለ።

«ወላሂ» አልኩት፣ በማርያም የምምለው ሰውዬ።

ውሃው ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። የጆጉ ነው። ቆይቶ ጀማል ተናገረ። «ያን ቀን ክሊኒክ ውስጥ አልሸናሁም። ከቤት በጠርሙስ ይዤ ነው የሄድኩት። ከኔ ውሰድ ያልኩህ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን ነው። እኔም እንዳንተው ነበርኩ፤ ጆጉ ሸፈነኝ እንጂ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ትቀናብኝ ነበራ። አቦ፣ ደስ ይል ነበር።»

ከአርባ ዓመት በላይ በአንድ ጠርሙስ ቀንቼ ኖሬያለሁ። ልናደድ ስል ከኋላዬ ሌላ ድምፅ መጣ፤ የጆጉ አይደለም፣ ይወርዳል፣ አያቋርጥም።

«ደቻቱ ሞላ» አለ ጀማል በደከመ ድምፅ።

ሳልዞር አዳመጥኩ። እኔ ይኸው ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚመጣልኝ፤ አፍሬ ለሐኪም እንኳ አልተናገርኩም። ዓይኔ እንባ እንደሞላ፣ እንደገና ቀናሁበት።