ነጭ አቡጀዲ በሚኤሶ ዳገት

ንጋት፣ አሰበ ተፈሪ

ጎህ ሲቀድ ጋሽ ዑስማን የጭነት መኪናቸውን አስነሱ። ጥቁሩ ጭስ መንገዱን ተሻግሮ ሚስታቸው ዘይነባ ሻይና ምሳ የምትሸጥበት ቤት ገባ፤ ወዲያው ሳሏ ተከተለ። ዘይነባ አስም አለባት። እኔ ከጎንደር ተመድቤ የመጣሁ የዚህ ከተማ ክሊኒክ ጤና ረዳት ነኝ፤ ክሊኒኩም የመኪናው መቆሚያም የእሷም ቤት ፊት ለፊት ናቸው። በቅርቡ ትንፋሽ አጥሯት ሰው ደግፎ ሲያመጣት እቅጩን ነገርኳት።

"ወይ ጭሱ ይሂድ፣ ወይ አንቺ ሂጂ።"

መሄድ ማለት በስንት ልፋት ያቆመችውን ቤት ዘግታ፣ ከባሏ ተለይታ፣ መሰላ የሚባል ሌላ አገር ወንድሞቿ ዘንድ መጠጋት ነው። ስለዚህ የማዘጋጃ ቤቱን ሹም ደጅ ጠናሁ።

"ጭነት ይዞ ያለ ጥቁር ጭስ የሚኤሶን ዳገት የወጣ መኪና አሳየኝ፤ ያን ጊዜ የሚያጨሰው ሁሉ ከተማ ውስጥ እንዳይቆም አደርጋለሁ። አለዚያ ነጋዴውን አታስጩኽብኝ" አሉኝ።

እኔም ነገሩን በዋዛ አልያዝኩትም። ከቆሙት መኪኖች ጭስ ማውጫ ኋላ ነጭ አቡጀዲ በእንጨት ወጥሬ እይዝ ጀመር። ሰዓቴ ስለተሰበረ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ እስክጨርስ ነው የምይዘው። "ሐኪሙ ለመኪና ሻሽ ያስራል" ተብሎ ከተማው ሁሉ ሳቀብኝ፤ ይሳቅ። ሹፌሮቹ ጭስ የጉልበት ምልክት ነው ብለው ያምናሉ፤ ዳገት ሊጀምሩ ሲሉ ናፍጣው በብዛት እንዲገባ የፖምፓውን ብሎን ከፈት ያደርጉታል። ጨርቆቼ ግን ሌላ ነገር አሳዩኝ። ጨርቁን ይበልጥ የሚያጠቁረው መኪና ከሚኤሶ ሲመጣ ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚደርሰው ነው።

ጋሽ ዑስማን ይህን አላመኑኝም። ዛሬ ብሎኑን ሳይከፍቱ፣ ከሚኤሶ ጭነው ዳገቱን ሊወጡ የሚሞክሩት ለዘይነባ ብለው ብቻ ነው። ከመነሳታችን በፊት ከጭሳቸው ኋላ የያዝኩትን ጨርቅ ለማስተያያ አጥፌ ያዝኩ።

ረፋድ፣ ሚኤሶ

ጠመዝማዛውን ወርደን ሙቀቱ ውስጥ ገባን። የማሽላ ማሳ፣ እሾሃማ ግራር፣ ግመል የሚነዱ ሰዎች፣ ከዚያ የባቡር ጣቢያው ቆርቆሮ ጣሪያ። በስሙኒ አንድ ቅል የግመል ወተት ጠጣሁ፤ ጭስ ጭስ ይላል፣ ግን ይጣፍጣል።

እዚያው ያለ መካኒክ የመኪናችንን አየር ማጣሪያ ፈቶ ሲያራግፈው የጨርጨር አውራጃ አቧራ በሙሉ የወጣ መሰለኝ። ከዚያ የፖምፓውን ብሎን መልሶ አጠበቀው። ጭስ ማውጫው ላይ ጨርቅ ልይዝ ስል ጋሽ ዑስማን ከለከሉኝ።

"ዛሬ በእኔ ጸሎት ነው የምንለካው። ፋቲሃ እቀራለሁ፤ መኪናው የእኔ ነው።"

ፋቲሃቸውን ቀርተው እስኪጨርሱ ያዝኩ። ጨርቁ ከጠዋቱ ጋር ሲተያይ የሰማይና የምድር ያህል ተለያየ። ቢሆንም መኪናው ገና ባዶ ነበር። ከባቡር የወረደው ጨው በጆንያ በጆንያ ተጭኖ ሞላ፤ አዲስ አቡጀዲም በሽቦ ከጭስ ማውጫው ኋላ ወጠርን።

ቃሲም የሚባል፣ ቦኬ ከሚባል አገር የመጣ ሹፌር አጠገባችን ጨው ጭኖ ነበር። ሆዱን ይዞ ይስቃል።

"ኧረ ዑስማን! ሐኪሙ መኪናህን ከተበልህ እንዴ?"

ከዚያ የራሱን ብሎን ከፍቶ፣ እኛን ጭስ አልብሶን፣ ቀድሞን ሄደ።

ቀትር፣ ዳገቱ ላይ

መጀመሪያው ደህና ነበር። የመጨረሻው ገደላማ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ግን ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የጋሽ ዑስማን ፊት በላብ ራሰ።

"አለቀልን። ወርጄ ብሎኑን ልክፈተው።"

"ከከፈቱትማ ጨርቁ ጠቆረ፣ ዘይነባም መሰላ ገባች! ማርሽ ይቀንሱ እንጂ ብሎኑን አይንኩ!"

"ወሏሂ፣ ቢቆም የምትገፋው አንተ ነህ!"

ማርሹን ወደ አንደኛ ጣሉት። መኪናው ተንቀጠቀጠ፣ አመነታ፣ ከዚያ እግሩን ተክሎ መውጣት ጀመረ። ጋቢናው ውስጥ ሁለታችንም አንተነፍስም። መታጠፊያውን ስንጨርስ ጋሽ ዑስማን መሪውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው "ጋሪዳ! ጋሪዳ!" እያሉ በኦሮምኛ አሞገሱት።

ትንሽ አለፍ ብሎ ቃሲም ዳር ይዞ ቆሟል። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ራዲያተሩ ላይ ውሃ ያፈሳል፤ ሞተሩ ግሎበታል። ችግር ላይ ባለ ሰው መሳቅ ነውር ነው፤ እኛ ግን ሳቅን። ጋሽ ዑስማን እስክንሰወር ድረስ ክላክሳቸውን አልለቀቁም።

ከሰዓት፣ አሰበ ተፈሪ

ከተማው ስንገባም ያሰማነውን ክላክስ ሰምቶ ሰው ወጣ፤ ሹሙም ወጡ። ጨርቁን ስፈታው ደነገጥኩ፤ ቀልቷል።

"ይኸው ቆሽሿል አይደል?" አሉ ሹሙ።

አራገፍኩት። የመንገዱ ቀይ አፈር ብን ብሎ ሄደ፤ ጥላሸት ቢሆን አይራገፍም። መሀሉ ላይ አመድማ ክብ ቀረ እንጂ ሌላው ነጭ ነበር። የጠዋቱን ከሰል የመሰለ ጨርቅ አጠገቡ ዘረጋሁት። ሹሙ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ በጣታቸው አሹት።

ይህን ጊዜ ዘይነባ ሰዉን ገፋ አድርጋ መጣች። ሞተሩ እንደተነሳ ነው። ከጭስ ማውጫው ጎን ቆመች፤ ላስቆማት ስል በእጇ ከለከለችኝ። አንዴ ተነፈሰች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። አልሳለችም።

"ዑስማን፣ እኔ መሰላ አልሄድም!" አለች።

ጋሽ ዑስማን ፊታቸውን ወደ ጨው ጆንያዎቹ አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሹሙ ቃላቸውን አላጠፉም። ከዛሬ ጀምሮ ጨርቅ የሚያጠቁር መኪና በከተማው ውስጥ እንዳይቆም እዚያው ተናገሩ፤ አቡጀዲውንም ማዘጋጃ ቤቱ እንዲገዛ አዘዙ።

ሻይ ይዘን ስንቀመጥ የቃሲም መኪና ጥቁር ጭሱን እየጎተተ ደረሰ። ቃሲም ርቦታል፤ ከጋቢናው ሳይወርድ ምሳ እንዲቀርብለት ጮኸ። ዘይነባ ከእጄ አዲስ ጨርቅ ነጠቀችና መንገዱን ተሻግራ ከመኪናው ኋላ ቆመች።

"ሞተሩን እንዳታጠፋ!" አለችው፤ ድምፅዋ ሳይቆራረጥ ገበያው ድረስ ተሰማ። "መጀመሪያ ጨርቁ፣ ምሳው ከዚያ በኋላ!"