ከሸራ ጫማ ተረከዝ የተቀረጸው ማኅተም

ማኅተሙ የተቀረጸው ከአሮጌ ሸራ ጫማ ተረከዝ ነው። ስፋቱ ከሻይ ብርጭቆ ቂጥ አይበልጥም። መሃሉ ላይ ዘውድ፣ ዙሪያውን ደግሞ «የእንግሊዝ ንጉሥ ግብር» የሚል ጽሑፍ ነበረው።

ያን ዓመት መምህር ሁሉ በአካባቢው ከሚገኝ ነገር የትምህርት መርጃ መሣሪያ ይሥራ የሚል ትእዛዝ መጣ። አቃቂ ውስጥ በአካባቢው የሚገኝ ነገር መቼ ጠፍቶ! የሳይንሱ መምህር ከፋብሪካ ከተጣለ ቆርቆሮ ሚዛን ሠርቶ ለዳይሬክተሩ አስረከበ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ታሪክ አስተምር ነበር። የደረስኩበት ምዕራፍ በአሜሪካ የነበሩት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች በንጉሣቸው ላይ እንዴት እንዳመፁ የሚተርከው ነው። ከእኔ የሚጠበቀው ካርታ ነበር። እጄ ግን ሥዕል አያውቅም። ሰሌዳ ላይ ካርታ በሳልኩ ቁጥር ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። የኋላ ረድፍ ላይ የሚቀመጥ አንድ ተረበኛ፣ «ቲቸር፣ ይሄ አሜሪካ ነው የበግ ቆዳ?» ይለኛል።

ይህን ጉዴን ከተማሪዎቼ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከሃያ ዓመቴ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከጎኔ ይቀመጥ የነበረ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ካርታዎቼን ሁሉ ይስልልኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ድርሰቱን አርምለታለሁ። ጊዜ አልፎ እኔ መምህር፣ እሱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆንን።

ስለዚህ ለመርጃ መሣሪያው ካርታውን ተውኩት። መጽሐፉ፣ ንጉሡ ከጋዜጣ እስከ ውል ድረስ የእሱ ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ሁሉ እንዳይሠራ አዘዘ፣ ለማኅተሙም አስከፈለ ይላል። በቃል ብነግራቸው ይረሱታል፤ በእጃቸው ይያዙት አልኩ። ገሚሱን ነጋዴና አታሚ፣ ጥቂቶቹን የንጉሥ ቀረጥ ሰብሳቢ አደረግኳቸው። በጨዋታው ማኅተም ያልተመታበት ወረቀት የያዘ ከወንበሩ መነሣት አይችልም፤ ለማስመታት ባቄላ ይከፍላል። ባቄላው ሲያልቅባቸው ንዴቱ የእውነት ሆነ። እኔም የፈለግኩት ይህንኑ ነበር።

ማኅተሙን የቀረጸችው ፊት ለፊቴ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ናት። አባቷ ከወሎ የመጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ታላቅ ወንድሟን በዚያ በክፉው ዓመት ከቤት ወስደውት አልተመለሰም፤ ከዚያ ወዲህ ቤታቸው በጎሪጥ የሚታይ ቤት ሆነ። መጀመሪያ ያመጣችው ማኅተም ሲመታ ፊደሉ ተገልብጦ ስለወጣ መለስኩላት።

«ሲመታ ነው መነበብ ያለበት። ገልብጠሽ ቅረጪው» አልኳት።

በማግስቱ ያመጣችው እንከን አልነበረውም። የእንግሊዙ ማኅተም ምን ዓይነት ቅርጽ እንደነበረው መጽሐፉ አይናገርም፤ እኛ ግን ክብ ካልሆነ ማኅተም አናውቅም። ቀለሙንም ከትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ተዋስኩ። ልክ እንደ ቀበሌው ወይን ጠጅ ነበር።

አንዱ ተማሪ እናቱ ስኳር ግዛ ብላ ልካው ቀበሌ ሱቅ ሲሰለፍ፣ ከኪሱ የጨዋታው ወረቀት ወደቀ፤ አንድ አብዮት ጠባቂ አነሣው። ወረቀቱ ላይ ክብ ማኅተም፣ «ተፈቅዷል» የሚል ቃል፣ መሃሉ ላይ ዘውድ። የእኛው ንጉሥ ከወረዱ ስንት ዓመታቸው!

ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን አንግተው ክፍል ድረስ መጡ።

«መምህሯ፣ ትፈለጊያለሽ።»

ልጅቷ ከወንበሯ ግማሽ ያህል ተነሣች። አፏ ሊከፈት ነው።

«ሁላችሁም ቁጭ በሉ!» አልኩ። እንዲያ ጮኼባቸው አላውቅም። «ምዕራፉን አንብቡ። ስመለስ እጠይቃለሁ።»

ተቀመጠች።

ሐዲዱን ተሻግረን ቀበሌ እስክንደርስ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፤ የቀረጸው ማነው ማለታቸው አይቀርም። የሷን ስም ከሰጠሁ ያ ቤት ሁለተኛ ልጁን ያጣል።

ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ማኅተሙን ከትምህርት ቤቱ አስመጥተውት ወረቀቱ ጎን አኑረውታል። የሚጠይቀኝ ግን የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ነበር፤ ቆሞ።

«ዘውድ ናፈቀሽ?»

«የለም፣ ጓድ። ትምህርቱ ሕዝቡ በንጉሡ ላይ እንዴት እንደተነሣ ነው። መጽሐፉ ይኸው፤ መንግሥት ያሳተመው ነው።»

መጽሐፉን አገላብጦ ለሊቀመንበሩ አቀበለው። «መጽሐፉ ላይ የታለ ማኅተሙ? ይሄን ማን ቀረጸው? የማኅተም ሥራ የሚያውቅ እጅ ነው።»

«እኔ ነኝ።»

ሊቀመንበሩ ቀና አለ። ዓይኔን ከመጽሐፉ አላነሣሁም።

«በምን ቀረጽሽው?» አለ ኃላፊው።

«በምላጭ።»

«እሺ። እዚሁ ቅረጪልን!» አለና ካመጡኝ ወደ አንዱ ጠባቂ ዞረ። «አንተ፣ ጫማህን አውልቅ።»

«የኔን?»

«ያንተን። ተረከዙ እንደሆነ አልቋል።»

«ኧረ ጓድ፣ በምን ልሄድ ነው?»

«በጀግንነት!»

በሩ ላይ የቆሙት ሳቁ። ጠባቂው እያጉረመረመ አወለቀ። ምላጭና ተረከዙን ፊቴ አስቀመጡልኝ።

ከፊደሉ ጀመርኩ። ሲገለበጥ እንዴት እንደሚሆን ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ያረምኩት እኔ ነኝ። ዘውዱ ላይ ስደርስ ግን ምላጩ ከጎማው ውስጥ ተንሸራትቶ አውራ ጣቴን በጣው። በቀሚሴ ጠርጌ ቀጠልኩ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የጎማው መፋቅ ብቻ ነበር። ስጨርስ ኃላፊው ራሱ ቀለም አስነክቶ ወረቀት ላይ መታው።

ፊደሉ ይነበባል። ዘውዱ የአውራ ዶሮ ኩክኒ መሰለ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ለሊቀመንበሩ አስቀመጠለት። «ይኼና ይኼ የአንድ ሰው እጅ ነው?»

ሊቀመንበሩ ሁለቱ ላይ አቀረቀረ። እውነቱን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ እዚያ ቤት ውስጥ እሱ ብቻ ነው። ስንት ማታ የእኔን አፍሪካ አይቶ «ይሄማ ድንች ነው» እያለ በላጲስ ያጠፋልኝ ሰው።

«የሷ እጅ ነው» አለ። «ማታ ትምህርት ቤት ካርታዬን ሁሉ የምትስልልኝ እሷ ነበረች።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

«ጠመንጃ ተደግኖብህ አንተስ ስምህን አስተካክለህ ትጽፋለህ?»

ኃላፊው ያመነ አይመስልም። ሊቀመንበሩ ምላጩን ከፊቴ አንሥቶ ሁለቱንም ማኅተሞች ከተፋቸው። ዘውዱ መጀመሪያ ተቆረጠ።

«ሁለተኛ ክብ ነገር እንዳታሠሪ» አለኝ።

«ትምህርቱን ግን ነገ እንሰማዋለን» አለ ኃላፊው። «ተማሪዎቹንም እናያቸዋለን።»

በማግስቱ ኃላፊውና ሊቀመንበሩ መጥተው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ትናንት ሰሌዳው ላይ የሳልኩትን ካርታ እንዳለ ትቼ ነበር የሄድኩት፤ ስገባ ሰሌዳው በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሏል። ቀበሌ የሆነውን ልጆቹ ሰምተው መሆን አለበት፤ ማን እንደወለወለው ግን አልጠየቅሁም። ማኅተም ሳልይዝ፣ ባቄላ ሳላስቆጥር፣ ስለ ማኅተሙ ግብር በባዶ እጄ አስተማርኩ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ የምትጽፍ ትመስላለች። እስክሪብቶዋ ግን አይንቀሳቀስም።

ልጨርስ ስል ኃላፊው ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። ጠመኔ አነሣና ፈገግ አለላቸው።

«ልጆች፣ ከእናንተ መሃል ጎበዝ ሠዓሊ ማነው? ወጥቶ ይሳልልኝ እስቲ።»

የክፍሉ ልጅ በሙሉ መልሱን ያውቃል። ደብተራቸው ላይ የአበባ ዘለላ የሚያስስሉት እሷን ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ስሟን ተሻምተው በጠሩት፣ ባይጠሩት እንኳ ዓይናቸው ወደሷ ባመለከተ። አንድ አንገት አልዞረም። እሷም አልተንቀሳቀሰችም።

«ማንም የለም?»

ከኋላ ያ ተረበኛ ተነሣ።

«ቲቸር ናቸው፣ ጓድ» አለ። «እሳቸውን የሚያህል የለም።»

ኃላፊው ፊታቸውን በየተራ አየ። የሚስቅ አጣ።

«በል እንሂድ» አለ ሊቀመንበሩ ከኋላ እየተነሣ። «የልጆቹን ሰዓት አንብላባቸው።»

ኃላፊው ጠመኔውን መዳፌ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ሊቀመንበሩ ሲያልፍ ዞሮም አላየኝ። ኮቴያቸው ከመስኮቱ እስኪርቅ ጠበቅሁ። ከዚያ የምሠራው ቢጠፋኝ ወደ ሰሌዳው ዞሬ የቅኝ ግዛቶቹን ጠረፍ መሳል ጀመርኩ። የተበጣው ጣቴ ጠመኔውን አላስይዝ ስላለኝ ካርታው ከወትሮውም ባሰ። ሳቃቸውን ጠበቅሁ፤ ያን ቀን ቢስቁብኝ ደስ ባለኝ።

ማንም አልሳቀም።