ታዴ የተሸከመው ድንጋይ

ቃል የሚያጣምም ሰው የዋሸ አይመስለውም። እኔም ትንሽ ነው ያወላገድኩት።

በዘጠናዎቹ ቄራ አካባቢ ብየዳ ቤት ከታዴ ጋር እሠራ ነበር። አንድ ቀን፣ «የጋሼ ዓይን ደክሟል፤ ከባዱን ሥራ እኛ እንያዝላቸው» አለኝ። ባለቤቱ ጋሽ ታፈሰ ከሁለታችን አንዳችንን ዋና በያጅ ሊያደርጉ ነበርና ሄጄ፣ «ታዴ፣ ‹ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ሥራውን ይተዉልን› ይላል» አልኳቸው። በዚያው ቀን አባረሩት።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ይዘውት መጡ። ታዴ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ በሩ ላይ ተንበረከከ።

«ብለሃል ወይስ አላልክም?» አሉት ጋሼ።

ቀና ብሎ አየኝ።

«ብያለሁ ጋሼ። ስለ እመብርሃን ይቅር ይበሉኝ።»

እናቱ ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። ቢክድ ጋሼ ወደ ሥራው እንደማይመልሱት ያውቃል።

«በቃ፣ ይቅር ብያለሁ» አሉ ጋሼ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ምን ይገትርሃል? ጓደኛህ አይደለም እንዴ? ድንጋዩን ተቀበለው እንጂ!»

ጎንበስ ብዬ ስቀበለው ታዴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ቀስ በል፤ ይከብዳል» አለኝ።