ባትሪው ስንት ቀረው? ከነፋስ ስልክ እስከ ብስራተ ገብርኤል

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ነፋስ ስልክ

ላፕቶፔን አቅፌ ከቤት ወጣሁ። ሩቅ አገር አልሄድም፤ ዓላማዬ ጋሽ ከድር ሚኒባሳቸውን እንዳይሸጡ ማድረግ ነው።

ጋሽ ከድርና ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ አሮጌውን የናፍጣ ታክሲ ሸጠው ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ከገዙ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። እሳቸው ይነዳሉ፤ እትዬ ዘይነባ በር ላይ ሆነው ይጭናሉ፣ ሂሳብ ይሰበስባሉ። የመኪናው የባትሪ መቁጠሪያ ሲገዙትም አይሠራም ነበርና የቀረውን ባትሪ በቁጥር የምታሳይ ትንሽ ሣጥን ሠራሁላቸው። ባለፈው ሳምንት ግን ሣጥኔ 62 ላይ ተገትራ ሳለች ባትሪው ሙልጭ ብሎ አለቀና ከነተሳፋሪያቸው መሀል መንገድ ላይ ቆሙ። ጋሽ ከድር እጅ እጅ አላቸው። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ገዢ ብስራተ ገብርኤል ይጠብቃቸዋል።

«እንጂነር፣ እስከ አስር ሰዓት ጊዜ አለሽ» አሉኝ መሪውን እንደያዙ። «ከዚያ በኋላ ከሰውዬው ጋር እጨርሳለሁ።»

«ወላሂ፣ መኪና ሸጦ በእግሩ ሊሄድ ነው!» አሉ እትዬ ዘይነባ።

ሦስት ሰዓት፣ ጎፋ

እስከ ጎፋ ባዶ መኪና ነዳን። ሣጥኗ 71፣ 70፣ 69 እያለች በሥርዓት ወረደች። ኩራት ኩራት አለኝ።

አንባቢዬ ነገሩ እንዲገባው ትንሽ ላስረዳ። በመኪናው ውስጥ ያሉት ትናንሽ ኮምፒውተሮች፣ የባትሪው፣ የሞተሩ፣ የመብራቱ፣ የበሩ፣ የሚነጋገሩት በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ላይ ነው። ካን ባስ ይባላል። አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማል። የሣጥኔ ሥራ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ባትሪው የሚለውን መልቀም ነው።

ጎፋ ላይ ተሳፋሪ ጫንን። ሁለት ፌርማታ ሳንሄድ ሣጥኗ 67 ላይ ድርቅ አለች። አጥፍቼ አበራኋት፤ ሠራች፤ ትንሽ ቆይታ እንደገና ድርቅ።

«ይኸው!» አሉ ጋሽ ከድር። «ጭራሽ አሁንማ ሰው ሲያይ ነው የምታሳፍረኝ።»

ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ላፕቶፔን አይተው «ልጄ፣ መኪናው የሚነዳው በዚህ ነው እንዴ? ልውረድ?» ሲሉ ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን እያረረ ነበር።

አምስት ሰዓት፣ መካኒሳ አቦ

ተሳፋሪ አራግፈን ከአንድ ሻይ ቤት በር ላይ ቆምን። ሻይ በቦንቦሊኖ መጣ። እኔ ግን ኮዴ ላይ አፈጠጥኩ።

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ልበልሽ?» አሉኝ እትዬ ዘይነባ። «ቁጥሩ የሚቆመው እኔ በር ስከፍት ነው።»

በር? በርን ከባትሪ ምን አገናኘው? ለይሉኝታ ያህል ተነስቼ ላፕቶፑን ከሽቦው ጋር አገናኘሁና እሳቸው በሩን ወለል አደረጉት። ጉድ ፈላ! የበሩ ኮምፒውተር፣ የውስጥ መብራቱ፣ ማስጠንቀቂያ ጩኸቱ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መለፍለፍ ጀመሩ። ሣጥኗ ውስጥ መልእክት የምትቀበለው ቺፕ በአንድ ጊዜ መያዝ የምትችለው ሦስት ብቻ ነው። የኔ ኮድ ደግሞ አንዱን መልእክት ተቀብሎ፣ እዚያው ትርጉሙን ፈትቶ፣ ሜሞሪ ላይ ጽፎ፣ ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ ስሎ ካልጨረሰ ሌላውን አያስገባም። ስለዚህ ሞልቶ ይፈሳል። ቺፗ «ሞልቶብኛል» የሚል ምልክት ታነሳለች፣ እኔ ምልክቱን የሚያወርድ መስመር አልጻፍኩም፣ እሷም ከዚያ ወዲያ ጆሮዋን ትዘጋለች። ስክሪኑ ላይ የድሮው ቁጥር ብቻ ይቀራል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሞክራት በር ዘግቼ ነበር የምቀመጠው። በሩን ዘግቶ የሚውል ታክሲ የት አለ? አፈርኩ።

«እትዬ፣ ተሳፋሪ ሲግተለተልብዎት እርስዎ እንዴት ነው የሚያደርጉት?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ግቡ፣ ግቡ ነዋ! በር ላይ ሂሳብ ልቀበል ብል ማን ይገባል? ከተቀመጡ በኋላ ቀስ ብዬ እሰበስባለሁ።»

ብድግ ብዬ ግራና ቀኝ ጉንጫቸውን ሳምኳቸው።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚያው ሻይ ቤት ተቀምጬ ጻፍኩ። መልእክት ሲመጣ ኮዱ አሁን የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ተቀብሎ ወረፋ ላይ ያስቀምጥና ይመለሳል። መፍታቱ፣ መጻፉ፣ መሳሉ በኋላ በሌላ ክፍል ይሠራል። የማያስፈልገን የበር ወሬ ከነጭራሹ እንዳይገባ አገድኩ፤ ምልክቱንም የሚያወርድ መስመር ጨመርኩ። ሦስት ሰከንድ ሙሉ ከባትሪው ወሬ ከጠፋ ደግሞ ሣጥኗ የድሮ ቁጥር ይዛ እንዳትዋሽ፣ ሰረዝ ብቻ እንድታሳይ አደረግኋት።

ዘጠኝ ተኩል፣ ወደ ብስራተ ገብርኤል

ጭነን ወጣን። በር ተከፈተ፤ ሦስታችንም አንገታችንን አሰገግን። 58። ሄድን፤ ቆምን፤ ተከፈተ። 57! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እትዬ ዘይነባ እየጫኑም እያወረዱም ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው፤ ጋሽ ከድር ግን ወደ ገዢው መንዳታቸውን ቀጠሉ።

ብስራተ ገብርኤል የጠበቀን ገዢ ቆብ ያደረገ ትሑት ሰው ነው። «እስቲ ትንሽ ንዱትና ልየው» ብሎ ጋቢና ከጋሽ ከድር ጎን ገባ። አንድ ፌርማታ ሄደን በሩ ሲከፈት ቁጥሩ ከ52 ወደ 51 ወረደ። እትዬ ዘይነባ አልቻሉም፤ እልልታቸውን አቀለጡት! እኔም ተከተልኩ። ተሳፋሪውም ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበ።

«ምንድን ነው? ሙሽራ አለ እንዴ?» አለ ገዢው ዞር ብሎ።

«ባትሪው ቀነሰ!» አልኩት።

«ሲቀንስ ነው እልል የምትሉት?»

ጋሽ ከድር ዳር ያዙና መኪናውን አቆሙ። መሪውን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጉት። «ወንድሜ፣ አፉ በለኝ። ደክመህ መጣህ። ግን መኪናው አይሸጥም።»

አስራ ሁለት ሰዓት፣ ቤቴ

እስከ ደጃፌ አደረሱኝ። እኔ ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፤ ሣጥን ከመሥራቴ በፊት አንድ ቀን በሩ ላይ ከሚቆመው ሰው ጋር መዋል ነበረብኝ። ስንሰነባበት ጋሽ ከድር በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «እንጂነር፣ ነገ ጀሞ ድረስ ነው የምንሠራው፣ ሙሉ ቀን!» አሉኝ። እትዬ ዘይነባ ባላቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሰደዱ። ከዚያም በሩን ዘግተው ሄዱ።