ከበደች ያላጠፋቻቸው ስናፕሾቶች

ከበደች የሰው እጅ አታምንም። ክፉ ሆና አይደለም፤ አሰላ ባለው የገበሬዎች ዩኒየን ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ የሰው እጅ ስንት ነገር እንደሚያጠፋ ስላየች ነው። በታይፒስትነት ተቀጠረች፣ ኮምፒውተር ሲመጣ ተማረች፣ ዛሬ የሰርቨሩ ክፍል ቁልፍ ያዥ እሷ ናት። ከአምና ጀምሮ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ሹራቧን ደርባ ከመውጣቷ በፊት፣ የዩኒየኑ ፋይል ያለበትን ዲስክ ስናፕሾት ታነሳለች። አንድም ቀን አላጓደለችም። ችግሩ፣ ካነሳችው አንዱንም አጥፍታ አታውቅም።

ስናፕሾት የተነሳ ዕለት ቦታ አይፈጅም፤ ዲስኩ በዚያች ሰዓት ምን እንደያዘ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ጣጣው የሚመጣው ኋላ ነው። ፋይሉን ብትቀይረው ወይም ብታጠፋው፣ ስናፕሾቱ የድሮውን አልለቅም ይላል። ልጅ አግብቶ ከወጣ በኋላ እናት አልጋውን አላስነካም እንደምትለው ነው፤ ልጁ የለም፣ ክፍሉ ግን ባዶ አይደለም። ከበደች እንዲህ ያለ አልጋ አራት መቶ ያህል ነበራት።

በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ዲስኩ ጢም ብሎ ሞላ። ያውም ለሳጉሬ ገበሬዎች የስንዴ ዘር በሚታደልበት ቀን። ሰዎቹ ከንጋት ጀምሮ ግቢው ውስጥ በካፊያ ቆመዋል። ማን የትኛውን ዘር ስንት ኩንታል እንደሚወስድ የተመዘገበው ዝርዝር ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ አንዲት መስመር አልጽፍም ብሏል፤ የወሰደው ሰው እዚያ ካልተመዘገበ ዘር አይወጣም። መሬቱ ርሷል፤ በዚህ ሳምንት ካልተዘራ የዓመቱ ነገር አለቀለት።

ሥራ አስኪያጁ አቶ መርሻ ሠራተኛውን ሰበሰቡ። «የግል ፋይላችሁን አጥፉ። የመዝሙር ቪዲዮ፣ የልደት ፎቶ፣ አንድ አይቅር» አሉ።

ከበደች ጥግ ላይ ነበረች። ማጥፋቱ እንደማይፈይድ ታውቃለች፤ የሚያጠፉትን ሁሉ የሷ ስናፕሾቶች እንደያዙት ይቀራሉ። መናገር ትችል ነበር። ግን እኚሁ አቶ መርሻ ባለፈው ሳምንት በስብሰባ መሐል «ወይዘሮ ከበደች ማሽን ከመጠበቅ በቀር ሥራቸው ምንድን ነው?» ብለው፣ ወደ መጋዘን ሊያዛውሯት ደብዳቤ አስጽፈዋል። እና አጅሪት በልቧ «ዝም አይነቅዝም» አለችና እጇን አጣምራ ተቀመጠች።

ሠራተኛው አጠፋ፣ ኧረ እንዴት አድርጎ አጠፋ። የኳየሩ ልምምድ ሄደ፣ የበቆጂው ሩጫ ሄደ፣ የስንቱ ሕፃን ክርስትና ሄደ። ዲስኩ ንቅንቅ አላለም። አቶ መርሻ በየአምስት ደቂቃው «አሁንስ?» ይላሉ። «አሁንም ሙሉ ነው» ትላለች ከበደች፣ ያዘነች መስላ። አንጀቷ ግን ቅቤ ጠጥቷል።

በጋራ ፎልደሩ ውስጥ ከሁሉ የገዘፈው የአቶ መርሻ ልጅ ሠርግ ነበር፤ ከሽምግልናው እስከ ቅልቅሉ፣ በሦስት ካሜራ። ያንን ማን ደፍሮ ይነካል? ሰው ሁሉ እንዳላየ ያልፈዋል። የምዝገባ ሠራተኛው ዲሪባ የሚያጠፋው ሲያልቅበት፣ የአለቃን ሠርግ ከመንካት ብሎ ከጎኑ ያለውን «አዲስ ፎልደር ሁለት» የሚባል ነገር ጠረገው። አዲስ ፎልደር ሁለት የሳጉሬ ዝርዝር ነበር። እንዲያ ብሎ የሰየመውም ራሱ ዲሪባ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የሰርቨሩ ክፍል በር ላይ መጥቶ ቆመ። «እትዬ ከበደች፣ ዝርዝሩን ሳላጠፋው አልቀረሁም» አላት። ፊቱ አመድ መስሏል። ሦስት ወር በየቀበሌው ዞሮ የመዘገበው ነው።

ከበደች በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ካፊያው ዝናብ ሆኗል። ከገበሬዎቹ አንዱ፣ ሽማግሌው ኦቦ ኢብሳ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ጠዋት ያየቻቸው ቦታ ላይ እንደቆሙ ናቸው። ሳቋ ጠፋ። አፈረች፤ ክፉኛ አፈረች።

በሩን ዘግታ ተቀመጠች። የትናንቱን ስናፕሾት ብቻ አስቀርታ ሌላውን ሁሉ፣ የዓመት ከምናምን ጥንቃቄዋን፣ አንድ በአንድ አጠፋችው። ስናፕሾቶቹ ይዘውት የኖሩት የድሮ ፋይል ሁሉ አብሮ ሲለቅ የዲስኩ ግማሽ ተከፈተ። ከዚያ ከትናንቱ ውስጥ ዝርዝሩን አውጥታ በወረቀት አተመችው። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስም፣ አንድ አልጎደለም።

አቶ መርሻ በደስታ የሚሆኑትን አጡ። ከበደችን በረንዳው ላይ አቆሙና «ዝርዝሩን ያተረፉላችሁ እኚህ ሴት ናቸው» ብለው ለገበሬው ተናገሩ፤ የመጋዘኑንም ደብዳቤ እዚያው ቀደዱት። ኦቦ ኢብሳ እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። «ለእኛ እንዳሰብሽልን ፈጣሪ ያስብልሽ። ቤትሽ አይጉደል፣ ዕድሜሽ ይርዘም» አሉ። ግቢው በሙሉ አሜን አለ። ከበደች አሜን ማለት አቃታት።

«ኦቦ ኢብሳ፣ አይመርቁኝ» አለች። «ዲስኩን የሞላሁት እኔ ነኝ። መፍትሔውንም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አውቀው ነበር። እልህ ይዞኝ ዝም አልኩ። ዝናብ ላይ ያቆምኩዎት እኔ ነኝ።»

አቶ መርሻ እጃቸው ላይ የቀረውን ቅዳጅ ወረቀት ያዩ ጀመር። ሽማግሌው ከረጢቱን ከራሳቸው አንስተው ውሃውን አራገፉ።

«ታዲያ አሁን ደግሞ በወሬ ለምን ታቆሚኛለሽ?» አሏት።

ከበደች ዝርዝሩን ገለጠችና ስማቸውን ጠራች።