ጠብቆ ሲነበብ

እሑድ መርካቶ ሲዘጋ የእኛ ክፍል ይከፈታል። ስምንተኛን ጨርሼ ካቆምኩ ዓመታት አልፈው ነበር። እዚያው መርካቶ ጨርቅ ስሸጥ ኖሬ ዘንድሮ ዘጠነኛ ገባሁ። አብዛኛው ተማሪ እንደኔው ሳምንቱን በሥራ የሚውል ነው። ከራጉኤል ቅዳሴ ነጠላዋን እንደለበሰች የምትመጣ አለች፤ ከአውቶቡስ ተራ የሚመጣ ወያላም አለ፣ ታክሲ ውስጥም ክፍል ውስጥም አንድ ዓይነት ድምፅ ያለው።

የአማርኛ መምህራችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ያን ሰሞን የሚያስተምሩን ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ታሪካዊ ልብ ወለድ ነበር፤ በረዶ በሚወርድበት አገር ስለተደረገ የድሮ ጦርነት። መጽሐፉ ከገበያ ስለጠፋ ያለን የእሳቸው ቅጂ ብቻ ነው። አንዱ ተነስቶ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል። ሕጋቸው አጭር ነው፦ "ድምፁ ኋላ ወንበር ያልደረሰ፣ መጽሐፉን ያስረክብ።"

እኔ ሁለቴ አስረክቤያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ገጽ እንኳ ሳልጨርስ። ማንበብ ጠልቼ አይደለም። በልቤ ሳነበው የሚያምረው ነገር ከአፌ ሲወጣ ይኮሰምንብኛል። ተራዬ እንደገና ሲደርስ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፤ ምዕራፉን ማንም ሳይቀበለኝ እስከ መጨረሻው ማንበብ።

ምዕራፉ የጦር አዛዡ ሚስት ቤት ይጀምራል። ባሏ ከወንዝ ማዶ ሰፍሯል። አንድ መልእክተኛ በፈረስ ጋልቦ መጥቶ በሯ ላይ ይቆማል። ወይን ትቀዳለታለች። ጽዋውን እንደያዘ፣ ሳይጠጣ፣ እንዲህ ይላታል፦ "እመቤቴ፣ ጌታዬ ነገ ጎህ ሲቀድ ይመታሉ።"

እንደ ልማዴ በለሆሳስ፣ ፊደሉን ሁሉ አላልቼ አነበብኩት።

"ጎሽ! ጠላትን ድምጥማጡን ያጥፉት!" አለ ወያላው ከኋላ። "ግን እህት፣ ቮልዩሙን ጨመር አድርጊው፤ ባትሪ ጨረስሽ እንዴ?"

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም።

"ቆይ እስቲ፣" አሉ። "አሁን የተነበበው ላልቶ ነው፤ አዛዡ ጠላትን ሊያጠቁ ነው ማለት ነው። 'መ' እና 'ታ' ጠብቀው ቢነበቡስ?"

"ያኔማ ዱላው እሳቸው ላይ ሊያርፍ ነው፣" አለች ባለነጠላዋ።

"አያችሁ! የመጀመሪያው ደራሲ በራሱ ቋንቋ አንዱን መርጦ ጽፏል። ተርጓሚው ወደ አማርኛ ሲመልሰው ግን ፊደላችን የማጥበቂያ ምልክት የለውም። ምርጫው ለአንባቢ ቀረ።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንባቢያችን፣ የቱ ነው?"

ማስረከብ ቀላል ነበር። ከእኔ ቀጥሎ ተረኛው ወያላው ነው፤ እጁን ዘርግቷል።

"ጠብቆ ነው፣" አልኩ።

"አልሰማንም!" አለ ወያላው።

"ጠብቆ ነው የሚነበበው! አዛዡ አደጋ ላይ ናቸው።"

"አንቺ ደግሞ ጦርነት የት አየሽና ነው?"

"ጦርነት አላየሁም። መርዶ ግን አይቻለሁ።"

አባቴ ያረፈ ጊዜ ሊነግሩኝ ሱቅ ድረስ የመጡት ዘመዶቻችን ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። ውሃ ሰጠኋቸው። ብርጭቆውን እንደያዙ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ይህን ለክፍሉ አላወራሁም።

"የምሥራች ይዞ የመጣ ሰው የተቀዳለትን ይጠጣል፣" አልኩ። "ያን ሁሉ መንገድ ጋልቦ እንዴት ሳይጠማው ይቀራል? ይሄ ግን ጽዋውን ይዞ ቆሟል።"

"ምናልባት ጾም ላይ ይሆናላ!" አለ ወያላው።

አሁን እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ጉሮሮዬን ከፈተልኝ መሰለኝ። መምህሩ በእጃቸው ወደ መጽሐፉ አመለከቱ። "እንዳመንሽበት አንብቢው።"

ከ"እመቤቴ" ጀምሬ መለስኩት። "ይመታሉ" ላይ ስደርስ ሁለቱን ፊደሎች ረገጥ አድርጌ አጠበቅኳቸው። የሳቀ አልነበረም። በዚያው ቀጠልኩ፤ አንዱን ካጠበቅኩ በኋላ ሌሎቹ አላስቸገሩኝም። ሴትየዋ ፈረስ አስጫነች፣ በጨለማ ወንዙን ልትሻገር ወጣች፣ ምዕራፉም እዚያው ላይ አለቀ። አንገቴን ቀና ሳደርግ መጽሐፉ አሁንም በእኔ እጅ ነበር።

"እና?" አለ ወያላው። "ደረሰችላቸው?"

"ምዕራፉ አልቋል።"

"ተረኛው አንተ ነህ፤ ተነስ፣" አሉት መምህሩ።

"ተራዬን ለሷ ሰጥቻለሁ፣ ቲቸር። ትቀጥል በቃ፣ አታስጨንቁን!"

ገጹን ገለጥኩ። ጎህ ሲቀድ ከጫካው ተኩስ ተከፈተ፤ አዛዡ ትከሻቸውን ቆስለው ከፈረስ ወደቁ፣ ሚስታቸውም ጎትታ አወጣቻቸው።

"ይኸው አልሞቱም!" ብሎ ወያላው ጠረጴዛውን ደበደበ። "ምን ብዬ ነበር?"

"ተመተዋል፣" አልኩት። "አሁን ዝም ብለህ ስማ።"

ዝም አለ፤ አነበብኩ።