ከአጥሩ ሥር ሦስት መስመር

ባለቤቴ ከመሞቱ ከአራት ቀን በፊት፣ በማለዳ፣ ከግቢያችን ጥግ ሆኖ ጠራኝ።

«ነይማ! ነይ እዪ!»

እኔ ማድ ቤት ገንፎ እያማሰልኩ ነበር። ገንፎ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ዱቄቱ ከፈላው ውሃ ከገባ በኋላ እጅን ማሳረፍ የለም፤ ለአፍታ ከተዉት ይጓጉላል። «ቆይ፣ ይጓጉልብኛል!» ብዬ መለስኩለት። ደግሞ ጠራኝ። ደግሜ «ቆይ» አልኩት። በመጨረሻ ድስቱን አውርጄ ስወጣ፣ በብርድ የደረቁ መዳፎቹን እያፋተገ ወደ እኔ ሲመጣ ተገናኘን።

«ምን ነበር?» አልኩት።

«አለፈ» አለኝ።

ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበረ። ገብተን ገንፎውን በላን። ዳግመኛ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አንዴ ያለፈውን ነገር የሚደግም ሰው አልነበረም። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልቡ ቀጥ አለ።

ታኅሣሥ ነበር። የጎባ ብርድ ከድንኳኑ ሸራ ሥር እየገባ የለቀስተኛውን እግር ያደነዝዛል። ሰው ስለ እሱ ደግነት ያወራል፤ በአጋርፋ በኩል የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ሲጠግን የኖረ ሰው ስለነበር፣ ገበሬዎች ጭምር ከሩቅ መጥተው ነበር። እኔ ግን እዚያ ተቀምጬ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ቀን ምን አይቶ ነው የጠራኝ? ይህ ለሰው የሚነገር ጥያቄ አይደለም። ባሏ የሞተባት ሴት እንዲህ ያለ ነገር ብትጠይቅ ሐዘኑ ራሷን ነካት ይሏታል። ስለዚህ ያዝኩት።

ከአርባው በኋላ ሮቤ የምታስተምረው ልጄ ቅዳሜ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ሲለኝ ከርሟል። እሷ ግን ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አወጣች።

«ጃፓኖች ሃይኩ የሚሉት አጭር ግጥም አላቸው፣ እማ። ሦስት መስመር ብቻ ነው። አምስት፣ ሰባት፣ አምስት።»

«ምኑ ነው አምስት?»

«እኛ ፊደል እንቁጠር። በቀን አንድ ጻፊ። ያየሽውን ብቻ፤ የተሰማሽን አይደለም።»

«ቤት አይመታም?»

«አይመታም።»

«ታዲያ ግጥም መሆኑ በምን ይታወቃል?»

«እኔም በደንብ አልገባኝም» አለችና ሳቀች። «ጽፈሽ አንቺ ንገሪኝ።»

መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ ነው ያረጀሁት። የሰው አቤቱታ፣ የሰው ቃል፣ የሰው ቃለ ጉባኤ ስገለብጥ ኖሬያለሁ። ከራሴ አንድ መስመር እንኳ ጽፌ አላውቅም። የመጀመሪያውን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ዱላው ቀረ
ኮቱ ብቻ አደረ
ደጁ ታጠረ

በስልክ አነበብኩላት። «እማ፣ ይሄ ሙሾ ነው» አለችኝ ልጄ። እውነቷን ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ ጆሯችን የለመደው ያ ነው፤ ሐዘንተኛ አፏን ስትከፍት መስመሩ በራሱ ቤት ይመታል። «ያየሽውን፣ እማ» አለችኝ እንደገና።

ያየሁትን። እንግዲህ የት ሆኜ ልይ? ያኔ ነው እሱ ቆሞ የጠራኝ ቦታ ትዝ ያለኝ። በበነጋታው፣ በዚያው ሰዓት፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ሄድኩና ከአጥሩ ሥር ቆምኩ። አንድ ሰው ያን ያህል የሚጣራበት ነገር ከዚያ ቦታ የሚታይ ከሆነ፣ አንድ ቀን እኔም አየዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ደብተሩ ሰበብ ሆነኝ።

ከጥግዋ ፊት ለፊት የሚታየው ወደ ሳነቴ የሚወጣው ተራራ ነው። ከሱ በታች የጎረቤት ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ መንገዱ፣ ከዚያ የሽቦ አጥራችን። መጀመሪያ ላይ ይህንኑ አይቼ እመለስ ነበር። ሳምንት ሲሞላኝ ግን ተራራው በየቀኑ አንድ ቦታ እንደማይቆም አስተዋልኩ። አንዳንድ ቀን ባሕር ዛፉን ተደግፎ የቆመ ይመስላል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ የለም። አንድ ማለዳ ደግሞ ወደ ገበያ የሚሄድ የፈረስ ጋሪ እያየሁ ሳለ ይህ ሆነ፦

ጭጋግ መጣ
ጋሪው ጠፋብኝ
ቃጭሉ ቀረ

ቤት አይመታም። ሰም የለውም፣ ወርቅ የለውም። ግን ስጽፈው ያ ቃጭል ጆሮዬ ላይ ነበር። ይህ ይሆን እንዴ ያየው? አልኩ። ጭጋግ አይደለም፤ ጭጋግማ ጎባ ላይ ማን ይጠራበታል።

ፊደሎቹን የምቆጥረው በጣቶቼ አንጓ ነው። የአራት ጣት አንጓዎች አሥራ ሁለት ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ልክክ አድርገው ይይዛሉ። ለሦስተኛው መስመር ወደ ሌላው እጅ መሻገር ነው። ይህን ሳገኝ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ለማንም አልተናገርኩም። ለካስ እጄ ላይ ይዤው ነው የኖርኩት።

በበልጉ ዝናብም ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። በክረምቱም።

ዝናብ ቆመ
ከሽቦው ጠብታ
ወፍ ጠጣች

እሱም ምናልባት ወፍ ነበር ያየው። አንድ ሰሞን ወፎችን ብቻ ስከታተል ከረምኩ። ረጅም መንቁር ያላቸው፣ ሲበሩ እንደሚጣላ ሰው የሚጮኹት ከመንገዱ ማዶ ያለው ሣር ላይ ሲያርፉ ለካ በሰልፍ ነው የሚለቅሙት። ስድሳ ዓመት ሙሉ ጩኸታቸውን ስሰማ ሰልፋቸውን አላየሁትም ነበር። ሌላ ሰሞን ደግሞ ሸረሪት። ዓይኔ እየተከፈተ ሄደ፤ ጥያቄዬ ግን ባለበት ነበር።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ማኅበር የማውቃቸው አንዲት አሮጊት በሬን አንኳኩ። ጎንበስ ብዬ ሳምኳቸው።

«የልጅ ልጄ ፈተና አለባት» አሉኝ። «በስእለትሽ አስቢያት ብዬ ነው።»

«የምን ስእለት፣ እማማ?»

«እዪው እንግዲህ! ክረምት ከበጋ ከአጥር ሥር ቆመሽ፣ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ፣ በጣትሽ ስትቆጥሪ አገር ያየሽ አይደል? ስንት ጊዜ ነው በቀን? አርባ አንድ?»

«አሥራ ሰባት ነው» አልኩ ደንግጬ። «ግን ጸሎት አይደለም፣ እማማ። እርስዎን አልዋሽም። ፊደል ነው የምቆጥረው።»

አሮጊቷ ክንዴን መታ መታ አደረጉ። «ትሕትናሽ ነው። የልጅቷን ስም ብቻ ያዥልኝ» ብለውኝ ሄዱ።

እንግዲህ ምን ላድርግ? የልጅቷን ስም ያዝኩላቸው። ከሦስቱ መስመር በኋላ፣ ለእውነት ያህል፣ አንድ «አቡነ ዘበሰማያት» ጨመርኩ።

ይህን ስቄ የነገርኳት ለጎረቤቴ ነው። ከጊኒር መጥታ እዚህ ቅቤ የምትነግድ፣ በጎን ካለው ሽቦ ማዶ ለዓመታት አብራኝ የኖረች ሴት ናት። ጥቅምት ላይ፣ ሰማዩ ጠርቶ ብርዱ ሊጀምር ሲል፣ እሷ ወደ ገበያ ስትወጣ እኔ ቦታዬ ላይ ነበርኩ።

«አካም ቡልቴ» አለችኝ፣ ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም፣ እንዴት አደርሽ ስትል።

«ነጋ ቡልቴ?» አልኳትና የአሮጊቷን ታሪክ ነገርኳት። አልሳቀችም።

«ታዲያ ዱዓ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ያ ረቢ! እኔ እኮ ዱዓ ላይ ናት ብዬ ዓመት ሙሉ አፌን ይዤ በጓሮ ነው የምወጣው! ላናግራት ስል ተመልሼ!» የቅቤ ቅሏን መሬት አስቀመጠች። «አንድ ነገር ግን ገርሞኝ ነበር። እናንተ ወደ ምሥራቅ አይደል የምትጸልዩት? ይቺ ሴትዮ ለምን ለተራራው ትሰግዳለች እል ነበር።»

ያኔ ነው የነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ነገርኩ፤ ጥሪውን፣ ገንፎውን፣ «አለፈ» ማለቱን፣ ከዚያ ቦታ ምን እንዳየ ለማወቅ እንደምቆም።

«ተራራውን ነበር ያየው ያለሽ ማን ነው?» አለችኝ።

«ከዚህ ሌላ ምን ይታያል?»

«ወላሂ፣ ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ ነበር። አንቺ አልወጣ ስትዪው እኮ እኔን ጠራኝ! እዚህ ቆሜ አይቻለሁ።» በጣቷ ከኋላዬ አመለከተች። ዞርኩ። ከኋላዬ የማድ ቤቴ ጣራ ነበር። «ያን ቀን ውርጭ ነበር። ቆርቆሮው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኗል። ከምድጃሽ በላይ ብቻ ቀልጦ፣ ክብ ሆኖ፣ እንፋሎት ይወጣዋል። ‹እዪልኝ፣ እሷ ካለችበት በላይ ብቻ› አለኝ ባልሽ። ከዚያ ፀሐይ ወጣችና ሁሉንም አጠበችው። ነፍሱን ይማረው።»

ቅሏን አንስታ ሄደች። እኔ ጣራውን እያየሁ ቆየሁ። ውርጭ አልነበረውም፤ ዝገት ያለበት ቆርቆሮ ነው። ዘጠኝ ወር ያህል ጀርባዬን ሰጥቼው ኖሬያለሁ።

ማወቅ ግን ማየት አይደለም። በዓይኔ ለማየት ጓጓሁ። ኅዳር ሲገባ በየማለዳው እሳት አንድጄ እወጣ ጀመር። አንድ ቀን ደመና ሆኖ ውርጩ ሳይጥል አደረ። አንድ ቀን ጣለ፣ ግን እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ጢሱ ብቻ ወጣ። አንድ ቀን ሁሉም ተሟልቶ ፀሐይ ቀደመችኝ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ያን ክብ ለማየት እሳቱ ቀድሞ በደንብ መንደድ አለበት፤ ትቼው ስወጣ ይበርዳል፣ ቆሜ ሳነድደው ጣራው ያመልጠኛል። አንድ ሰው ውስጥ፣ አንድ ሰው ውጭ ያስፈልጋል።

ለሙት ዓመቱ ዝግጅት ልጄ ከሮቤ መጣች። በነጋታው ማለዳ «ገንፎውን እኔ እሠራለሁ፣ አንቺ ሂጂ ግጥምሽን ጻፊ» አለችኝ። ስለ ጣራው አልነገርኳትም ነበር። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ሣሩ ከጫማዬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ከአጥሩ ሥር ደርሼ፣ ተራራውን ትቼ፣ ዞርኩ።

ጣራው ነጣ
ከእሳቴ በላይ
ክብ ጥቁር

ክቡ መጀመሪያ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ያህል ነበር። ቀስ እያለ ሰፋ፤ ጠርዙ ላይ ውሃው ያብረቀርቃል፤ ከመካከሉ እንፋሎት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሳላስበው ጮህኩ።

«ነይማ! ነይ እዪ!»

«ቆይ እማ፣ ይጓጉልብኛል!» አለችኝ ልጄ ከውስጥ።

ሁለተኛ አልተጣራሁም። በምሥራቅ በኩል ፀሐይዋ መቅላት ጀምራለች። ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ። ማድ ቤት ገብቼ ማማሰያውን ከእጇ ተቀበልኩና ድስቱ ውስጥ ተውኩት።

«ይጓጉል» አልኳት።

እጇን ይዤ አወጣኋትና ትከሻዋን ወደ ጣራው አዞርኩት። ምን እንደማሳያት አልገባትም። ከዚያ ገባት። አፏን በዱቄት እጇ ሸፈነች። ከሽቦው ማዶ ጎረቤቴ «እሰይ፣ ዛሬስ ፊትሽን አዞርሽ!» ብላ ስትጮህ ሰማኋት። ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ እስክትወርድ ድረስ ሦስታችንም ቆመን አየን። ከዚያ ነጩ ሁሉ ወደ ውሃ ተለወጠና ክቡ ከሌላው ጣራ ጋር አንድ ሆነ።

«ምን ነበር እሱ?» አለችኝ ልጄ።

አለፈ አላልኳትም። ገበታ ላይ ተቀምጠን፣ አባቷ እንዴት እንደጠራኝ ጀምሬ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ገንፎው ጓጉሎ ነበር። እብጠቱን በማንኪያ እየፈረካከስን፣ ቅቤውን እያጠቀስን፣ እስከ ድስቱ ግርጌ ድረስ በላነው።